ኮርኒስ ላይ የምታዪያት እንሽላሊት መርዝ የላትም፤ ፍሊት ከመንፋትሽ በፊት መብራትሽን እዪ

ሰላም እህቴ። ቱሉ ዲምቱ አዲስ የገባሽበት ቤት ውስጥ ማታ ማታ ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ነጣ ያለች እንሽላሊት እንደምታዪ ጽፈሻል። ጎረቤትሽ «ከሸናችብሽ ቆዳ ታቆስላለች፣ ምግብ ውስጥ ከወደቀች ቤተሰብ ትጨርሳለች» ብላ አስፈራርታሻለች፤ ትናንሽ ልጆችም ስላሉሽ ምን ብትረጪ እንደምትሞት ጠይቀሻል። እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ እዚያ ይህቺ እንስሳ የሌለችበት ግድግዳ የለም። አሁን የምኖረው ከእናንተ ሰፈር ብዙም ሳልርቅ ነው። የማስተምረውም ባዮሎጂ ስለሆነ ትንሽ ባስረዝምብሽ ታገሺኝ።

መርዝ የላትም። እሷ ካለችበት፣ ጌኮ ከሚባለው የእንሽላሊት ወገን በዓለም ላይ ከ1,500 በላይ ዝርያ ይታወቃል፤ መርዛማ የሆነ አንድም የለም። ብትያዝ ልትነክስ ትሞክር ይሆናል፣ ግን ጥርሷ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቆዳ መብሳት እንኳ ይከብዳታል። ሽንቷም እንደኛ ሽንት የሚረጭ ውሃ አይደለም። ከኩሷ ጋር አንድ ላይ ይወጣል፤ ጠዋት መስኮቱ ደፍ ላይ የምታገኚው ጥቁር ፍሬ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለው፣ ነጩ ሽንቷ ነው። ቆዳ አያቆስልም።

ታዲያ ሰው ተኝቶ አድሮ ጠዋት አንገቱ ላይ የሚያቃጥል፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይዞ ሲነሳ ምን ነክቶት ነው? በምሥራቅ አፍሪካ የናይሮቢ ዝንብ የሚባል፣ ስሙ ዝንብ ይሁን እንጂ ቀይና ጥቁር የሆነ ቀጭን ጥንዚዛ አለ። በዝናብ ወቅት መብራት ተከትሎ ቤት ይገባል። አይናደፍም፤ ሰው ሳያውቅ ቆዳው ላይ ሲጨፈልቀው ግን ሰውነቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል። እንዲህ ያለ ቁስል የወጣበት ሰው ቀና ሲል የሚያየው ጥንዚዛውን ሳይሆን ኮርኒስ ላይ ያለችውን እንሽላሊት ነው። ጥፋቱ በእሷ የሚለጠፈው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ኩሷ ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። የጎረቤትሽ ወሬ ውስጥ እውነት ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ድስትና ሌማት ይከደን፣ ምግብ የሚከተፍበት ቦታ በሳሙና ይታጠብ፣ ልጆቹ ከነኳት እጃቸውን ይታጠቡ። ከዝንብና ከበረሮ የምትጠነቀቂውን ያህል ከተጠነቀቅሽ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤትሽ የገባችው አንቺን ፈልጋ አይደለም፤ መብራትሽን ፈልጋ ነው፤ መብራቱንም ለብርሃኑ ሳይሆን ለሚሰበሰብበት ነፍሳት ብላ። አንድ ማታ አምፖሉ ሥር ወንበር ይዘሽ ተቀመጪና እያት። ከአምፖሉ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ጥላና ብርሃን የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ዝም ትላለች። የእሳት እራት ስታርፍ ጭንቅላቷን ብቻ ታዞራለች። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ትሄድና ትቆማለች፣ እንደገና ትሄድና ትቆማለች፤ መጨረሻ ላይ የጅራቷ ጫፍ ሲወዛወዝ ካየሽ ልትዘል ነው። ከያዘች በኋላ ክንፉ እስኪረግፍ ግራና ቀኝ ታራግፈዋለች፣ ትውጣለች፣ ከዚያ በምላሷ ዓይኗን ትልሳለች። የዓይን ቆብ የላትም፤ ዓይኗን የሚሸፍነው ብርሃን የሚያስተላልፍ ቅርፊት ነው፣ የሚጸዳውም በምላስ ነው። ልጆችሽ ይህን አንዴ ካዩ መፍራታቸው ይቀራል፤ በተማሪዎቼ አይቼዋለሁ።

የእሳት እራት፣ ሸረሪት፣ ትናንሽ በረሮ፣ ዝናብ ሲጥል እንደ አሸን የሚፈላው ክንፋም ምስጥ፣ ሁሉንም ትበላለች። ቢንቢም ታገኝ እንደሆነ አትተውም። ግን ቢንቢን ከቤትሽ ታጠፋልሻለች ብዬ አልዋሽሽም፤ ጠቀም ያለ ሥጋ ያለው ነፍሳት ካገኘች ለቢንቢ ብዙም አትሮጥም። አጎበርሽን እንዳታነሺ።

«ከኮርኒስ እንዴት አትወድቅም?» ላልሽው፣ ግድግዳ ላይ የሚይዛት ነገር ሙጫም መምጠጫም አይደለም። ውጭ መስኮቱ መስታወት ላይ ስትወጣ ከውስጥ ሆነሽ የእግሯን መዳፍ እዪው፤ እያንዳንዱ ጣት ሥር የተደረደሩ እጥፋቶች ይታዩሻል። እጥፋቶቹ ላይ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። ቶኬይ በሚባለው ትልቁ የእስያ ጌኮ አንድ እግር ላይ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱ ፀጉር ደግሞ ጫፉ ላይ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን ዘለላዎች ይከፈላል። ኬለር ኦተም የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 የአንዷን ፀጉር ጉልበት ለብቻዋ ለክተው አሳተሙ። በ2002 ደግሞ የሚይዛት በሞለኪውሎች መካከል ያለው ደካማ መሳሳብ፣ ቫን ደር ዋልስ የሚባለው ኃይል መሆኑን አሳዩ። አንዱ ለብቻው ኢምንት ነው፤ ፀጉሩ ሁሉ ሲደመር ግን ሰውነቷን ተሸክሞ ይተርፋል። ስትራመድ ጣቶቿን ከጫፍ ጀምራ ወደ ላይ እየቀለበሰች ትላቀቃለች። ስለዚህ ወጥ ድስት ውስጥ ትወድቃለች የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው። ብትወድቅ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ወይም ነፍሳት ልትይዝ ስትዘል ነው።

ጅራቷን ይዞ መጎተት ግን ክልክል ነው፤ ይህን ለልጆቹ አጥብቀሽ ንገሪያቸው። ራሷ በጥሳው ትሄዳለች፤ የተበጠሰው ሲንፈራገጥ አሳዳጁ እሱን ሲያይ እሷ ታመልጣለች። እንደገና ይበቅላል፣ ግን አዲሱ ውስጥ የአጥንት አንጓ የለም፤ ለስላሳ አጥንት ነው፣ መልኩም ከድሮው ይለያል። ጅራቷ ለክፉ ቀን የሚሆን ስብ የምታጠራቅምበት ስለሆነ ማጣቱ ይጎዳታል፣ በተለይ ብርድ ሲመጣ።

ብርድ ካልሁ፣ መሐል አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህቺን እንስሳ ሲያይ የሚደነግጠው ስለማያውቃት ነው። ሰውነቷ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ ደጋ አይመቻትም። ድሬዳዋ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል አዲስ አበባ በ2,300 እና በ2,400 ሜትር መካከል ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። የእኛ አቅጣጫ፣ ከአቃቂ እስከ ዱከም፣ ወደ ቆላው የሚወርድ ነው። የብሎኬት ግድግዳም ቀን ሲጠጣ የዋለውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይሰጣታል። ከድሬዳዋና ከአዋሽ የሚመጣ ዕቃና የግንባታ ጭነት ውስጥ ተደብቃ መምጣቷም አያስገርመኝም። እ.ኤ.አ. በ1836 በሳይንስ የተመዘገበው የእስያው የቤት ጌኮ ሞቃታማውን ዓለም ያዳረሰው በመርከብ ጭነት ተደብቆ ነው። የኛ አገር የራሱ የሆኑ የዚያው ወገን ዘመዶች ብዙ አሉት። የእስያው ጌኮ የፓስፊክ ደሴቶች ሲደርስ ነባሩን ጌኮ ከመብራታማ ግድግዳዎች ገፍቶ አስወጣው፤ ነፍሳት በብዛት የሚሰበሰበው እዚያ ነውና። መብራት ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ገምቺ።

እንግዲህ ቤት ውስጥ አልፈልጋትም ካልሽ መብትሽ ነው፤ ሥራው ግን መብራቱ ላይ ነው። በረንዳ ላይ ያለውን አምፖል ከበሩ ራቅ አድርጊው፣ ነጩንም በቢጫ ለውጪው፤ ቢጫ ብርሃን የሚስበው ነፍሳት ያንሳል። ሲመሽ መጋረጃ ዝጊ፣ የበሩን ሥር ክፍተት ድፈኚ፣ መስኮት ላይ ወንፊት አስመቺ። የምትበላው ካጣች ራሷ ትወጣለች። ፍሊት ግን አትንፊባት፤ መርዙ እሷን ብቻ መርጦ አይነካም፣ ልጆችሽ የሚተነፍሱት ያንኑ አየር ነው። የአይጥ ማጣበቂያም አታስቀምጪላት፣ ቀስ ብላ ተሰቃይታ ነው የምትሞተው። ተጣብቃ ካገኘሻት የምግብ ዘይት ጠብ እያደረግሽ በጥጥ አላቅቂያት። በእጅ ሳይነኩ ማውጣት የሚቀለው ንጋት ላይ ነው፤ ብርዱ ስለሚያዘገያት ሰፋ ያለ ብርጭቆ ደፍተሽባት፣ ከሥር ጠንካራ ወረቀት አስገብተሽ፣ ውጭ አጥር ላይ ልቀቂያት።

መጋረጃው መስቀያ ጀርባ ስላገኘሻቸው ሁለት ነጫጭ ክብ ነገሮች፣ አዎ፣ እንቁላሎቿ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ነው የምትጥለው። ከመጣሏ በፊት ሆዷ ስስ ስለሆነ መስታወት ላይ ስትወጣ ሁለቱ ከውስጥ ነጥተው ይታያሉ። ቅርፊታቸው እንደ ዶሮ እንቁላል ጠንካራ ነው። እናት አትጠብቃቸውም፤ በሞቃት ቦታ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይፈጃሉ፣ በእኛ ብርድ ይዘገያሉ። የሚፈለፈሉት ከወላጆቻቸው በመጠን ብቻ ያንሳሉ እንጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሳቸው ያድናሉ። ቤት ውስጥ እንዲፈለፈሉ ካልፈለግሽ፣ ወረቀት ላይ ሳታገላብጪ አንሺያቸውና ውጭ ዝናብ የማይደርስበት የብሎኬት ስንጥቅ ውስጥ በነበሩበት አቀማመጥ አስቀምጫቸው። ቢገላበጡ ውስጥ ያለው ጽንስ ሊሞት ይችላል። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።