መልስ፦ ሁለተኛ ሳጥን ሳይሆን የውጤት ወረቀቱን ያዙ

«የመንግሥትን ቆጠራ ለማጣራት ዜጎች የራሳቸውን ሳጥን አቁመው ሕዝቡን በትይዩ ቢያስመርጡስ?» ላልከው፣ እኔ አያዋጣም ባይ ነኝ። ሁለተኛው ሳጥን ጋ የሚሰለፈው በአብዛኛው የተናደደው ሰው ነው። ያንን ከመጀመሪያው ውጤት ጋር ማወዳደር አይቻልም።

የሚሻለው የየጣቢያውን የውጤት ወረቀት መሰብሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ቬንዝዌላ ውስጥ የሆነውን እይ። እዚያ ድምፅ የሚሰጠው በማሽን ነው። ምርጫው ሲዘጋ ማሽኑ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ የረዘመ ወረቀት ያትማል። የአስመራጮችና የፓርቲ ታዛቢዎች ፊርማ ያርፍበታል፤ ኪውአር ኮድም አለው። ታዛቢው ኮፒ የመውሰድ መብት አለው። ተቃዋሚዎቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወረቀት ሰብስበው፣ ስካን አድርገው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። በነሱ ድምር የተቃዋሚዎቹ እጩ ኤድሙንዶ ጎንዛሌዝ 67 በመቶ ገደማ አገኙ። የአገሪቱ የምርጫ ምክር ቤት ደግሞ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኒኮላስ ማዱሮ በ51 በመቶ አሸነፉ አለ፤ የየጣቢያውን ዝርዝር ግን አላወጣም። ወረቀቱ ማዱሮን ያኔ ከወንበራቸው አላስነሳቸውም፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቢሆንም ክርክሩ ከአሉባልታ ወጥቶ ፊርማ ያለበት ወረቀት ላይ አረፈ።

ሁሉንም ጣቢያ መሸፈን ካልቻላችሁ በዕጣ ምረጡ። ለታክሲ የሚቀርበውን የከተማ ጣቢያ ብቻ ከወሰዳችሁ ገጠሩ ይቀራል፣ ድምሩም ያሳስታችኋል። ፎቶው ላይ የጣቢያው ቁጥርና ፊርማዎቹ በደንብ ይታዩ። ከባዱ ግን ቆጠራው እስኪያልቅ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ንቅንቅ የማይል ታዛቢ ማግኘት ነው። ምሳና እራቱን፣ የስልክ ቻርጁንም ቀድማችሁ አስቡበት።