መልስ፦ ጥይት እየሰነቀረ ያስቸገረው ሲሞኖቭ

ወንድሜ፣ ያገለገለ ሲሞኖቭ ጠመንጃ ገዝተህ ደብረ ማርቆስ ስትደርስ ሦስተኛው ጥይት ላይ እየሰነቀረ አስቸገረኝ ብለሃል። መጀመሪያ ጥይቱን በሙሉ አውጣ። የጥይት መቀመጫውም ባዶ መሆኑን በዓይንህ አረጋግጥ።

ካዝናው፣ ማለት ጥይት የሚደረደርበት ሳጥን፣ 10 ጥይት ይይዛል፤ ከጠመንጃው ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ክላሽ ሌላ ቀይሮ መሞከር የለም። የታችኛውን ክዳን ክፈትና ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋውን ብረት በጣትህ ተጫነው። ሲለቀቅ እየተጎተተ ከተመለሰ፣ ወይ ሞላው (ስፕሪንጉ) ደክሟል፣ ወይ የደረቀ ቅባት ይዞታል። እኔ ቅባቱን ነው የምጠረጥረው። የኛ ሰው መሣሪያ ሲያስቀምጥ ቅባት አይሰስትም! በናፍጣ እጠበውና በደንብ አድርቀው። ከዚያ ስስ ዘይት ይበቃዋል።

የተተኮሰው ጥይት ቀለሃ ራሱ ተፈናጥሮ ካልወጣ ግን ካዝናውን ተወው፤ የጋዝ ፒስተኑ፣ ማለት በባሩዱ ጋዝ እየተገፋ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ፣ ጥቀርሻ ይዞ ይሆናል። የካዝናው ሞላ ደክሞ ከሆነ ደግሞ በእጅህ እንዳትለጥጠው። ባለሙያ ይቀይርልህ፤ ስትሄድ የመሣሪያ ፈቃድህን አትርሳ።