የውርስ ትራክተር ለምን አይነሳም?

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት አሮጌ ትራክተር ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል፤ መብራቱም ይደበዝዛል። አዲስ ባትሪ ልግዛ?
አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ለመግዛት አይቸኩሉ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ከሆነና ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ ይህ ከተገኘ እኔ የምጠረጥረው ባትሪውን ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያያይዘውን፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉትን ገመድ ነው። ረዳትዎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልፉን ሲያዞር፣ ገመዱ በተያያዘበት የባትሪ ጫፍና ባልተቀባ የሞተር ብረት መካከል በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለኩ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ችግሩ ዝገት ወይም የላላ ብሎን ስለሆነ፣ ገመዱን ፈትተው ሁለቱንም ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ይፈትጉ። በአንዳንድ አሮጌ ትራክተሮች ከአካሉ ጋር የሚያያዘው ፖዘቲቩ ነውና፣ ሳይፈቱ በፊት የትኛው ከየት እንደታሰረ ምልክት ያድርጉ። ገመዱ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ያስፈትሹ።