ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደቻቱ ለምን ይሞላል? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደረቁ የወንዙ አሸዋ በድንገት በጎርፍ ይሞላል። ስልኬ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ዝናብ የለም ይለኛል። ምን አይቼ ልጠንቀቅ? (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ደቻቱን የሚሞላው ከተማው ላይ የሚጥለው ዝናብ ሳይሆን በደቡብ በኩል፣ በደንገጎ ወገን ባሉት ተራሮች ላይ የሚወርደው ነው። ከተማው ያለው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን የተራራው ጀርባ 2,000 ሜትርን ያልፋል። ቁልቁለቱ ኃይለኛ ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ዛፉ የተመነጠረ፣ ብዙ ቦታ አለቱ ያገጠጠ። ከባድ ዝናብ ራቁቱን አፈር ሲደበድበው ላዩ ይደፈናል፤ ውሃውም መስረጉን ትቶ ቁልቁል ይወርዳል።

መጠኑን ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ተራራ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥልና ግማሹ ብቻ ቢወርድ 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ በ2 ሰዓት ውስጥ ከተማውን አቋርጦ ይለፍ ቢባል በየሰከንዱ ወደ 280 ሜትር ኩብ ነው፤ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1 ቶን ይመዝናል፣ ደለልና ድንጋዩ ሳይቆጠር። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ጎርፍ የመጣውም ሰው በተኛበት ሰዓት ነበር።

መተግበሪያው የሚሳሳትበት ምክንያት አለው። የትንበያ ሞዴሎች ምድሩን በሰፋፊ አራት ማዕዘኖች ከፍለው ስለሚያሰሉ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሰፋ የነጎድጓድ ዝናብ ያመልጣቸዋል፤ ገደላማው ተራራና ሜዳው ቆላም ባንድ አማካይ ይጨፈለቃሉ። ከሳተላይት የሚገመተው ዝናብ ደግሞ ይዘገያል። ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበት፣ ኢመርግ የተባለው የናሳ የዝናብ መረጃ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት የሚዘጋጅ ሲሆን ፈጣኑ እትም እንኳ ዝናቡ ከጣለ ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው የሚወጣው። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሮጥ ጎርፍ 20 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 2 ሰዓት አይፈጅበትም። ለጥናት እጅግ ጠቃሚ የሆነው መረጃ ለማስጠንቀቂያ አይደርስም ማለት ነው።

የሚደርሰው ላይኛው ተፋሰስ ላይ የተተከለ መለኪያ ነው፦ ዝናብ ሲጥል በውስጡ ያለች ትንሽ መቀበያ በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ ስትገለበጥ የሚቆጥርና በሲም ካርድ መልእክት የሚልክ መሣሪያ፣ ድልድይ ላይ ደግሞ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ራዳር። ችግሩ ከተተከለ በኋላ ነው የሚመጣው። ቅጠል፣ አቧራና የወፍ ኩስ ማጥለያውን ይደፍነውና መሣሪያው በዶፍ መሃል ዜሮ ያስነብባል። ባትሪው ይደክማል፣ የሲሙ ሒሳብ ያልቃል። ስለዚህ ከክረምት በፊት አንድ ሰው ሄዶ ማጥለያውን መጥረግ፣ መጠኑ የታወቀ ውሃ ቀስ አድርጎ አፍስሶም ቆጠራው ትክክል መሆኑን ማየት አለበት። ይህ ካልተደረገ መሣሪያው ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ ሰው ተማምኖበት ይተኛልና።

ለእርስዎ ቤት፦ ላይኛው አካባቢ የሚኖር፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል የሚደውልልዎ ሰው ይኑርዎ። በደቡብ በኩል ጥቁር ደመናና መብረቅ ካዩ፣ አሸዋው ላይ ጭራሮ የሚገፋ ድፍርስ ውሃ ብቅ ካለ ወይም ከላይ ጉምጉምታ ከሰሙ ወዲያው ይውጡ። ሲሸሹ የወንዙን ዳር ተከትለው አይሩጡ፤ ጀርባዎን ለወንዙ ሰጥተው ወደ ከፍታው ይሂዱ። ልሻገር አይበሉ። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በሰከንድ 2 ሜትር ሲሄድ ሁለቱን እግርዎን በ30 ኪሎ ገደማ ክብደት ይገፋዎታል፤ ፍጥነቱ 3 ሜትር ሲሆን ግፊቱ ወደ 70 ኪሎ ይጠጋል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ለባጃጅ ከዚያም ያነሰ ይበቃል።

የጎርፍ መከላከያ ግንቡን አይተው አይዘናጉ። የግንቡ ከፍታ የሚለካው ከአሸዋው ወለል ነው፤ 1 ሜትር ደለል ከተኛ ግንቡ 1 ሜትር አጠረ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሐሮማያ ሐይቅ ውሃው ተመልሷል። ታዲያ ሐረር ከድሬዳዋ ቆላ በሚገፋ ውሃ ከምትጠጣ ለምን ወደ ሐይቁ አትመለስም? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ ብስጭትዎ ይገባናል፤ የቆላው ውሃ ውድ ነው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 900 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት ኃይል ሳይባክን እንኳ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ የፓምፑና የቧንቧው ብክነት ሲጨመር ወደ 4 ይጠጋል። መብራት ሲጠፋ ቧንቧው የሚደርቀውም ለዚህ ነው።

ሐይቁ ግን ጥልቀት የለውም። ላዩ ሰፊ ስለሆነ ማንም ሳይነካው በዓመት ከ1 ሜትር በላይ በትነት ያጣል። ከዳር ዳር የተቆፈሩት የመስኖ ጉድጓዶች የሚስቡትም ከሐይቁ ጋር የተያያዘውን የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ሲሳብ ሐይቁ ወደዚያ ይሰርጋል። ከ20 ዓመት በፊት ያደረቀው ይህ፣ የከተማው ፍጆታና ከኮረብታው የታጠበው ደለል ተደማምረው ነው። የየጉድጓዱ ስበት ተለክቶ ገደብ ሳይበጅለት የከተማ ፓምፕ ቢጨመርበት ያው ይደገማል።

ጥያቄ፦ ማንቆርቆሪያችን ነጭ ቅርፊት ይይዛል። የኩላሊት ጠጠር ያመጣል ይባላል። ግቢያችን ጉድጓድ አለን፤ አፍልተን ብንጠጣስ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ቅርፊቱ ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ያሟሟው ካልሲየም ነው። ሲፈላ በውሃው ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ካልሲየሙ ይረጋል። ለማስለቀቅ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው ያሙቁ፣ ለ1 ሰዓት ይተዉት፣ ደጋግመው ያለቅልቁ። በረኪና ከአቼቶ ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ለጠጠር ይበልጥ የሚያጋልጠው በድሬ ሙቀት ውሃ ማሳነስ ነው፤ ሽንትዎ ቢጫው ከጠቆረ አልጠጡም ማለት ነው።

ከቅርፊቱ ይልቅ የሚያሳስበን የማይታየው ናይትሬት ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ሰርጎ ወደ ውሃው ይገባል፤ በድሬዳዋ ጉድጓዶች ከፍ ብሎ መገኘቱም በጥናት ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያወጣም፤ እንዲያውም 1 ሊትር ፈልቶ 0.8 ሊትር ሲቀር 50 የነበረው 62.5 ይሆናል። ውሃ ማከሚያው ክሎሪን፣ ውሃ አጋርም አይቀንሰውም። በጡጦ ለሚመገብ ከ6 ወር በታች ሕፃን አደገኛ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሳይመረመር ወተቱን በዚህ ውሃ አይበጥብጡለት። ለምርመራ ግማሽ ሊትር ንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስቴ አለቅልቀው ይሙሉ፣ በበረዶ አቀዝቅዘው በማግስቱ ላቦራቶሪ ያድርሱ። ከክረምት በፊትና በኋላ ሁለቴ ያስመርምሩ፤ ዝናቡ የመጸዳጃውን ፍሳሽ አጥቦ ስለሚያወርደው ውጤቱ ይለያያል።