ስለ ቦሃር ጠይቁኝ፣ ግን በደንብ ጠይቁ

ሰሞኑን አንድ የድሬ ልጅ ከጅቡቲ የመጣ ቀይ ዓሣ ፎቶ ልኮ «ይኼ ምንድነው?» አለኝ። ቦሃር ነው። ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጥረት) መሃል እያደነ የሚኖር ዓሣ ነው። ጅቡቲ ብዙ ዓመት የሠራሁት ከዓሣ ጋር ስለሆነ የምችለውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ ትልቅ ቦሃር አትብሉ።

የከዚራዋ፦ ጋሼ፣ በምን ይለያል? ለኔ ቀይ ዓሣ ሁሉ አንድ ነው።

መልስ፦ ከዓይኑ እስከ አፍንጫው ቀዳዳ ጎድጎድ ያለ መስመር አለው። በጣትሽ ብትዳብሺው ታገኚዋለሽ። ትንሽ ሳለ ጀርባው ላይ ሁለት ነጭ ነጥብ ይኖረዋል። ክሮሚስ የምትባለውን ጉዳት የሌላት ዓሣ ይመስላል። ትንንሽ ዓሦች እሷ መስሏቸው አይሸሹም፤ ጠጋ ብሎ ይውጣቸዋል። ሌባ ነው አቦ!

ለገሃሬ፦ ስንት ዓመት ይኖራል?

መልስ፦ ይኼን ስጠብቅ ነበር! ዓሣ ራስ ቅሉ ውስጥ ነጭ የጆሮ ድንጋይ አለው። በስሱ ቆርጠህ በማይክሮስኮፕ ስታየው እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት በቀለበት ነው። አንዱን ስቆጥር 40 ሳልፍ ሻዬ ቀዘቀዘ። ከ50 ዓመት በላይ የኖረም ተመዝግቧል። ሴቷ ለእንቁላል የምትደርሰው በ9 ዓመቷ ገደማ ነው። ዘንድሮ አጥምደህ ለከርሞ የሚተካ ቆሮሶ አይደለም።

ገንደቆሬ፦ ዓሣ ጥሩ ነው?

መልስ፦ የቱ ዓሣ? ለምን?

የከዚራዋ፦ በሎሚና በሚጥሚጣ በደንብ ቢጠበስስ?

መልስ፦ አትብሉ አልኩ እኮ። ሲጓቴራ የሚባለውን ሕመም የሚያመጣው መርዝ በእሳትም በበረዶም በሎሚም አይጠፋም። ሽታም ጣዕምም የለውም። የሞተ ኮራል በሸፈነው አልጌ ላይ የምትኖር፣ በዓይን የማትታይ ፍጥረት ናት የምትሠራው። አልጌ በሉ ዓሣ ይወስደዋል፣ ቦሃር ደግሞ እሱን ይበላል፤ መርዙ ሰውነቱ ውስጥ ይከማቻል። የበላ ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከንፈሩን ይቆጠቁጠዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካ እሳት የነካ የሚመስለውም አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ ላይ ቦሃር ይዞ ማስቀረት ክልክል ነው።

ሳቢያን፦ በጾም ይበላል?

ለገሃሬ፦ ዓሣ ምን ችግር አለው?

ሳቢያን፦ ሥጋ አይደል እንዴ!

ለገሃሬ፦ ድሮ በባቡር ሲመጣ ነበር ዓሣ።

የከዚራዋ፦ በዚያ አሮጌ ባቡር? ዓሣው በእግሩ ቢመጣ ይቀድመው ነበር።

መልስ፦ ጾሙን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ወደ ዓሣው እንመለስ።

ገንደቆሬ፦ ቦሃር ስንት ዓመት ይኖራል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ሳቢያን፦ ስሙስ የማን ነው?

መልስ፦ የዓረቦች። ፎርስኮል የሚባል ተመራማሪ የሰማውን ስም እንዳለ ጻፈው። እሱ በ1763 እ.ኤ.አ. የመን ሞተ፣ መጽሐፉ በ1775 እ.ኤ.አ. ታተመ።

የፎቶው ልጅ፦ ጋሼ፣ ዓሣው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ከክንዴ ይረዝማል። ምን ላድርገው?

መልስ፦ አትብላው። ለድመትም እንዳትሰጥ። ጭንቅላቱን ግን አትጣል፤ መጥቼ እወስደዋለሁ።