አምስት ሰው ከኋላዋ ቆሞ «ቤት ነኝ»

ሰላም እትዬ፣ እህቴ አሰልችታኛለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰው ፊት «ይሄ ልጅ ስልኩን ነው ያገባው» ትላለች፣ ሁሉም ይስቃል፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ዓይን አፋር ነኝ፣ አሁን 27 ዓመቴ ነው፣ ቡና ላይ እንኳን አፌን ከፍቼ አላውቅም። ቴሌግራም ላይ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ኳስ የምናወራበት ግሩፕ አለን፣ አንተ ካልገባህ ጨዋታ የለም ይሉኛል። ታዲያ ደስ ያለኝ ቦታ መዋሌ ጥፋቱ ምንድነው? ትናንትም ቁርስ ላይ ጀመረችኝ፣ ጥያት ልውጣ ወይ ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ። እዛው ግሩፕ የተዋወቅኳት ልጅ አለች፣ ስምንት ወር ሆነን፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እንጻጻፋለን፣ ድምፄን ግን ሰምታው አታውቅም። ሦስት ጊዜ እንገናኝ አለችኝ፣ ሥራ አለብኝ አልኳት። ባለፈው መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋት፣ አምስት ሰው ከኋላዋ ነበርኩ፣ የት ነህ ብላ ስትጽፍልኝ ቤት ነኝ አልኳት፣ ያው ደንግጬ ነው። አሁን «ካልተገናኘን ይቅር» ብላለች። እውነቱን ልንገራት ወይስ ዝም ብዬ ልጥፋ?

መልስ

ወንድሜ፣ እህትህ ሰው ፊት ማሸማቀቋ ልክ አይደለም፣ እሱን እዚህ ላይ እንዝጋው። እኔን ያናደደችኝ «ያው ደንግጬ ነው» ብለህ ያለፍካት ሰልፍ ናት። የደነገጠ ሰው ቃል ይጠፋዋል፣ አንተ ግን ጀርባዋን እያየህ ውሸት ጻፍክላት፣ እሷም አምናህ ታክሲ ገባች። ይሄን ዓይን አፋርነት አትበለኝ።

ኢንተርኔት ዓይን አፋርን ያበላሻል ከሚሉት አይደለሁም። እኔም ልጅ ሆኜ ሱቅ ተልኬ ሰው ከሞላ ባዶ እጄን የምመለስ ነበርኩ፣ ያኔ ጽፎ ማውራት ቢኖር ስንቱ በቀለለኝ። ግሩፑ ላይ የሚያስቀው ልጅም አንተው ነህ፣ ሌላ ሰው አይደለም። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ሮበርት ክራውትና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ጥናት ኢንተርኔት ይበልጥ የጠቀመው ቀድሞም ተግባቢ የነበሩትን ነው ይላል። ለእኔ አይገርመኝም፣ ተግባቢው ጽፎ ቀጠሮ ይይዛል፣ እኛ ደግሞ እየጻፍን ከቀጠሮ እንሸሻለን። በሸሸህ ቁጥር ለጊዜው ቀለል ይልሃል፣ ያ መቅለል ነው በሚቀጥለውም እንድትሸሽ የሚያደርግህ።

አትጥፋ። ዛሬ ማታ ድምፅ ላክላት፣ ሃያ ሰከንድ ይበቃል፣ ድምፅህ ቢንቀጠቀጥም አታጥፋው፣ ሰልፉ ላይ አይተሃት እንደነበር በራስህ አፍ ንገራት። ብትቆጣ መብቷ ነው። እሺ ካለችህ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ብቻ ተገናኙ፣ ፊት ለፊት መቀመጥ ከከበደህ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ አውሩ፣ ወሬ ሲጠፋህም «አፍሬ ነው» በላት።