ስልኬ «ጨረር አለ» አለኝ፤ ልመነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከአጥራችን ጀርባ አንድ የግል ክሊኒክ አለ፤ የራጅ ክፍሉ ግድግዳ ከእኛ ሳሎን መስኮት ብዙም አይርቅም። ገና ዳዴ የምትል ልጅ አለችኝ። ወንድሜ «የስልክ ካሜራ ጨረር ይለካል» ብሎ አፕ ጫነልኝ። ካሜራውን ሸፍኜ መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው ቀን ላይ ቁጥሩ ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። ክሊኒኩም የሚሠራው ቀን ቀን ነው። ቤት ልቀይር ወይስ አፑ ውሸቱን ነው?
እናት ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ለልጅሽ መስጋትሽ ተገቢ ነው። ቤት ለመቀየር ግን አትቸኩዪ። እኔ እንደሚመስለኝ መስኮትሽ ላይ ስልኩ የቆጠረው የራጁን ጨረር ሳይሆን የባሕር ዳርን ፀሐይ ነው።

ወንድምሽ ግን አልዋሸሽም። ካሜራው ውስጥ፣ ከሌንሱ ጀርባ፣ ሴንሰር የሚባል ትንሽ የሲሊከን ቺፕ አለ፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ፒክሰሎች የተሞላ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ፎቶ የሚሆነውም ያ ነው። ጋማ (ከራዲዮአክቲቭ ነገሮች የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ ብርቱ ጨረር) እና የራጅ ጨረርም ሲሊከኑን ከመቱት ያንኑ ያደርጋሉ፣ ያውም በጣም በርትተው። አንዲት የብርሃን ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኤሌክትሮን ነው የምታስለቅቀው፤ አንድ የጋማ ቅንጣት ግን እዚያው ቦታ ላይ በሺዎች ሊያስለቅቅ ይችላል። ስለዚህ ሌንሱን በጥቁር ናስትሮ ድርብርብ አድርገሽ ብርሃን እንዳይገባ ከሸፈንሽው፣ ጨለማው ምስል ላይ ድንገት ብልጭ የምትል ነጭ ነጥብ ጨረር ልትሆን ትችላለች። አፑ የሚቆጥረው እነዚህን ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው አንሪ ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1896 ራዲዮአክቲቭነትን (አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በራሳቸው ጨረር የማውጣት ባሕርያቸውን) ያገኘው በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ የፎቶ ፕሌት የዩራኒየም ጨው አጠገብ አስቀምጦ ነው፤ ፕሌቱ ብርሃን ሳያገኝ ጠቆረ። ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማ በሚባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የተበላሸው ሪአክተር ውስጥ የገባ ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ በነጠብጣብ ተሞልቶ ነበር፣ ባለሙያዎቹም ከነጠብጣቡ ተነስተው በሰዓት 530 ሲቨርት ብለው ገመቱ (ሲቨርት ጨረር በሰው አካል ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ መለኪያ ነው፤ ሚሊሲቨርት የእሱ አንድ ሺህኛ፣ ማይክሮሲቨርት አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። በኋላ ማመንጫውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ራሱ ቁጥሩን በብዙ ዝቅ አድርጎ አረመው። እነሱ እንኳ እንዲህ ከሳቱ፣ ለአንቺ ስልክ ሞዴል በታወቀ የጨረር ምንጭ ተፈትሾ ያልተስተካከለ አፕ የሚያወጣውን ማይክሮሲቨርት እንዴት እንመነው?

አሁን ወደ መስኮትሽ። ሲሊከን ጨረር ባይነካውም በሙቀት ብቻ ኤሌክትሮን ይለቃል። ይህ ነገር ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ሚያዝያ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ አፑ ሳይዘጋ የተቀመጠ ስልክ ምን ያህል እንደሚግል በእጅሽ ታውቂዋለሽ። አፑ «ዜሮዬ ይኼ ነው» ብሎ የተነሳው በቀዝቃዛው ሰዓት ከሆነ ደግሞ ቀትር ላይ በሙቀት የመጣውን ነጥብ ሁሉ ጨረር ነው ብሎ ይደምረዋል። ክሊኒኩ ቀን መሥራቱና ፀሐይዋ ቀን መውጣቷ ተገጣጥሞብሽ ነው።

ራስሽ ማጣራት ትችያለሽ። በሥራ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ናስትሮውን ሳታነሺ ስልኩን ይዘሽ ጣና ዳር ውረጂ፣ ከማንኛውም ክሊኒክ ራቅ በዪ። መጀመሪያ ዛፍ ጥላ ሥር አስቆጥሪው፣ ቀጥሎ እጅሽን ለብ እስኪያደርግ ፀሐይ ላይ አቆይተሽ እንደገና አስቆጥሪው። ራጅ በሌለበት ሐይቅ ዳር ቁጥሩ ከወጣ መልሱን አገኘሽ። ሌላም አለ፦ ሌንሱ እንደተሸፈነ፣ ስልክሽ ፕሮ ሞድ (የካሜራውን ቅንብር በእጅ የምታስተካክዪበት ምርጫ) ካለው፣ ካሜራው ለብዙ ሰከንድ ክፍት ሆኖ የሚያነሳቸው ሁለት ፎቶዎች አንሺና አጉልተሽ አስተያያቸው። በሁለቱም ላይ አንድ ቦታ የተተከለች ነጥብ የሞቀ ወይም የተበላሸ ፒክሰል ናት። ጨረር አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ነው የሚመታው፤ ቦታ አይመርጥም።

አሁን የምነግርሽን ግን ልብ በዪልኝ። ስልኩ ዜሮ ቢልሽም እንዳትዘናጊ። የሴንሰሩ ሲሊከን በጣም ስስ ነው፣ አብዛኛው ጋማ ሳይነካው ያልፋል። ከሰማይ የሚወርደው የኮስሚክ ጨረር እንኳ በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ በደቂቃ አንድ ቅንጣት ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንሽ ይበልጣል፣ ግን የስልክሽ ሴንሰር ከጥፍርሽ ያነሰ ስለሆነ ነጥብ ለማየት ደቂቃዎች መጠበቅ ሊኖርብሽ ነው። (በጀልባ ወደ ዘጌ ስትሻገሪ ከመሬት የሚመጣውን ጨረር ውኃው ይቀንስልሻል፤ ስልኩ ግን ልዩነቱን አይነግርሽም።) ከተፈጥሮው በብዙ እጥፍ የበረታ ጨረር ሲኖር ብቻ ነው አፑ የረባ ነገር የሚያሳይሽ።

የራጅ ማሽን ደግሞ ጨረር የሚያወጣው ፎቶ በሚያነሳበት ቅጽበት ብቻ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ። ሲጠፋ ምንም አይተውም፣ ግድግዳሽ ላይ የሚጠራቀም ነገርም የለም። ደረቱን ራጅ የሚነሳው ታማሚ ራሱ የሚያገኘው 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሁላችንም በዓለም አማካይ ከተፈጥሮ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት እናገኛለን። ለአንቺ ዓይነቱ ጎረቤት ከእንዲህ ያለ ሥራ የሚፈቀደው ጣሪያ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው፣ የክፍሉ ግድግዳ በእርሳስ ወይም በወፍራም ኮንክሪት የሚሠራውም ለዚህ ነው።

ግድግዳው በትክክል ተሠርቷል ወይ የሚለው ጥያቄሽ ግን ተገቢ ነው፤ መብትሽም ነው። ሄደሽ የጨረር ሥራ ፈቃዳቸውን እንዲያሳዩሽ በትሕትና ጠይቂ። እንቢ ካሉ፣ ወይም ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ፣ የጨረር ሥራ ለሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል በጽሑፍ አመልክቺ፣ ለከተማው ጤና መምሪያም ግልባጭ አድርጊ። ባለሙያው መለኪያውን ይዞ ሲመጣ በእናንተ ሳሎን በኩል ቆሞ፣ ማሽኑ ራጅ እያነሳ እያለ እንዲለካልሽ ንገሪው፤ ማሽኑ ጠፍቶ የተወሰደ ልኬት ስለ ግድግዳው ምንም አይነግርሽም።